ባለስም ግራፍ፡- መረጃን ከነምንጩ የማስቀመጥ ዘዴ

ከማንበብ በፊት

የሚከተሉትን ጥያቄዎች በቃል ተወያዩባቸው።
1. ሁለት መጻሕፍት ስለ አንድ ነገር የተለያየ ቍጥር ቢሰጡ ትክክለኛውን ለመለየት ምን ታደርጋላችሁ?
2. ዳኛ ምስክርን «አይተህ ነው ወይስ ሰምተህ?» ብሎ የሚጠይቀው ለምን ይመስላችኋል?

ምንባብ

አንድ ተማሪ የራስ ዳሽንን ከፍታ ለማወቅ ፈልጎ ወደ ቤተ መጻሕፍት ቢገባ ያልጠበቀው ችግር ሊገጥመው ይችላል። አንደኛው መጽሐፍ የተራራው ከፍታ 4,620 ሜትር ነው ይለዋል፤ ሌላው 4,550 ሜትር ነው ይለዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ ቍጥሩን ወደ 4,533 ሜትር ዝቅ ያደርገዋል። ተራራው አንድ ሲሆን ቍጥሩ ሦስት ሆነ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ተማሪው ሊያነሣው የሚገባው ጥያቄ «ማን ለካው? መቼ ለካው? በምን ዘዴ ለካው?» የሚል ነው። መጻሕፍቱ ይህን ካልገለጹ አንዱን ቍጥር ከሌላው የሚያስመርጥ ማስረጃ አይገኝም።

ያም ሆኖ መጽሐፍ ቢያንስ ሽፋን አለው። በሽፋኑና በመጀመሪያው ገጽ ላይ የደራሲው ስም፣ ያሳተመው ድርጅትና የታተመበት ዓመት ስለሚገኙ አንባቢው የቃሉን ባለቤት ለይቶ ያውቃል፤ እምነቱንም በዚያው መጠን ይሰጣል። በኮምፒዩተር የመረጃ ቋት ውስጥ ግን ሁኔታው የተለየ ነው። ከልዩ ልዩ ቦታ የመጡ በሚሊዮን የሚቈጠሩ አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች በአንድ ቋት ውስጥ ሲጠራቀሙ የእያንዳንዱ ምንጭ ሊጠፋ ይችላል። ነገሩ ሽፋናቸው የተገነጠለ መጻሕፍትን ቅጠል ለቅጠል አደባልቆ በአንድ ጆንያ እንደ መክተት ይሆናል። ባለስም ግራፍ የተባለው ዘዴ የተፈጠረው ይህን ችግር ለማቃለል ነው።

ሴማንቲክ ዌብ ምንድን ነው?

ዛሬ ዓለምን ያዳረሰውን የድረ ገጽ መረብ እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ ያቀደው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1989፣ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ላይ ሰርን በተባለው የምርምር ድርጅት ውስጥ ሲሠራ ነበር። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው። መረቡ በመጀመሪያ የተዘጋጀው ሰው እንዲያነበው ነው። ኮምፒዩተሩ ገጹን ከቦታ ወደ ቦታ ያደርሳል እንጂ በገጹ ላይ የተጻፈውን አይረዳም፤ የታሸገ ደብዳቤ የሚያደርስ ፖስተኛ በውስጡ ያለውን መልእክት እንደማያውቅ ሁሉ ማለት ነው።

በ2001 በርነርስ ሊ ከጄምስ ሄንድለርና ከኦራ ላሲላ ጋር ሆኖ «ሳይንቲፊክ አሜሪካን» በተባለው መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ ኮምፒዩተርም ትርጉሙን ተከትሎ ሊሠራበት የሚችል መረብ ማዘጋጀት እንደሚቻል ገለጸ። ይህ መረብ ሴማንቲክ ዌብ ተባለ፤ ትርጉም አዘል መረብ ማለት ነው። የዚህ መረብ መሠረት አር ዲ ኤፍ የተባለው የአጻጻፍ ሥርዓት ሲሆን፣ የድረ ገጽን ደንቦች የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ጥምረት ይህን ሥርዓት በ1999 አጽድቆታል።

የአር ዲ ኤፍ አሠራር ለሰዋስው ተማሪ እንግዳ አይደለም። «ካሳ መጽሐፍ ገዛ» በሚለው ዐረፍተ ነገር ውስጥ «ካሳ» ባለቤት፣ «መጽሐፍ» ተሳቢ፣ «ገዛ» ደግሞ ማሰሪያ አንቀጽ ነው። በአር ዲ ኤፍም እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ሦስት ክፍሎች ብቻ ይኖሩታል፤ እነርሱም ባለቤት፣ አያያዥና ተሳቢ ናቸው። ልዩነቱ በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ሲውል፣ በአር ዲ ኤፍ አያያዡ በመካከል መግባቱ ነው። ለምሳሌ ያህል፡-

ኤቨረስት — የሚገኝበት አህጉር — እስያ

የሚለው አንድ የተሟላ ዐረፍተ ነገር ነው። ሦስት ክፍሎች ስላሉት ሦስትዮሽ ይባላል። ባለቤቱና ተሳቢው እንደ ሁለት ነጥብ፣ አያያዡም ሁለቱን እንደሚያገናኝ ቀስት ሆነው ሊሣሉ ይችላሉ። ብዙ ሦስትዮሾች ሲሰባሰቡ ነጥቦቹና ቀስቶቹ እንደ መረብ ስለሚያያዙ ጥርቅሙ ግራፍ የሚል ስም ተሰጥቶታል። ይህ ግራፍ በሒሳብ ትምህርት ከሚታወቀው የመስመርና የዓምድ ግራፍ ጋር መምታታት የለበትም።

ነጥቦቹና ቀስቶቹ የሚሰየሙት በመረቡ ላይ ባሉ አድራሻዎች ነው። ስለሆነም በጃፓን የተዘጋጀ ግራፍና በብራዚል የተዘጋጀ ግራፍ ስለ አንድ ነገር ሲናገሩ ያንኑ አድራሻ ከተጠቀሙ፣ ሁለቱን ማዋሐድ ቀላል ነው። የአር ዲ ኤፍ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ ችግሩም የሚመነጨው ከዚሁ ጥቅም ነው። ግራፎቹ ከተዋሐዱ በኋላ አንድ ሦስትዮሽ ከጃፓን ይምጣ ከብራዚል ለማወቅ አይቻልም።

የኤቨረስት ሦስት ቍጥሮች

የራስ ዳሽን ቍጥሮች የተነሡበት ምክንያት በተማሪው እጅ ባሉት መጻሕፍት ላይ ባይገለጽም፣ የኤቨረስት ልኬቶች ታሪክ ግን በሚገባ ይታወቃል። በመሆኑም ኤቨረስት ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በአንድ የመረጃ ቋት ውስጥ የሚከተሉት ሦስትዮሾች ተመዝግበዋል እንበል፡-

ኤቨረስት — ከፍታው በሜትር — 8,848
ኤቨረስት — ከፍታው በሜትር — 8,844.43
ኤቨረስት — ከፍታው በሜትር — 8,848.86

የመጀመሪያው ቍጥር ከ1955 የሕንድ ቅየሳ የተገኘ ነው። ሁለተኛውን ቻይና በ2005 ይፋ አደረገችው። ሦስተኛውን ኔፓልና ቻይና በ2020 በታኅሣሥ ወር በአንድነት አስታወቁ። ምንጫቸውን የማያውቅ ሰው ከሦስቱ ሁለቱ ስሕተት ናቸው ሊል ይችላል። ይሁን እንጂ የ2005ቱ ልኬት ዐለቱ የሚያልቅበትን ከፍታ ብቻ የሚያመለክት ሲሆን፣ በዐለቱ ላይ ያለው 3.5 ሜትር ያህል ውፍረት ያለው በረዶ አልተቈጠረበትም። የቀሩት ሁለቱ ግን በረዶውን ጨምረው የተለኩ ናቸው። ስለዚህ የቍጥሮቹ ልዩነት በከፊል የአለካክ ልዩነት እንጂ የውሸትና የእውነት ልዩነት አይደለም።

ኮምፒዩተሩ ይህን ከየት ያውቃል? በቋቱ ውስጥ ያሉት ሦስት መስመሮች ብቻ ከሆኑ ሦስቱንም ያለ ልዩነት ያቀርባል። አማካኛቸውን እንዲያወጣ ቢታዘዝም 8,847.10 ገደማ ብሎ ይመልሳል። ይህ ቍጥር ማንም ቀያሽ ለክቶ ያላገኘው ቍጥር ነው።

የመጀመሪያው መፍትሔና ጕድለቱ

ለዚህ ችግር ቀድሞ የተሰጠው መፍትሔ ዐረፍተ ነገሩን ራሱን እንደ አንድ ነገር ቈጥሮ ስለ እርሱ መጻፍ ነበር። ይህም አራት ተጨማሪ ሦስትዮሾችን ይጠይቃል። የመጀመሪያው «ይህ ዐረፍተ ነገር ነው» ይላል፤ ሁለተኛው ባለቤቱን፣ ሦስተኛው አያያዡን፣ አራተኛው ተሳቢውን ይናገራል። ከዚህ በኋላ ነው ምንጩን የሚገልጸው አምስተኛ መስመር የሚጻፈው። ለአንድ ዐረፍተ ነገር ይህ ከባድ ላይመስል ይችላል። ከአንድ ቦታ ለመጡ 1,000 ዐረፍተ ነገሮች ግን 5,000 ተጨማሪ መስመሮች መጻፍ ያስፈልጋል። ቋቱ ይከብዳል፤ ጥያቄውም ይወሳሰባል።

በ2005 በጃፓን፣ በቺባ ከተማ በተደረገው ዓለም አቀፍ የድረ ገጽ ጉባኤ ላይ ጀረሚ ካሮል፣ ክርስቲያን ቢትሰር፣ ፓትሪክ ሄይስና ፓትሪክ ስቲክለር ቀለል ያለ ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡም ለእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ሳይሆን ለዐረፍተ ነገሮቹ ጥርቅም ስም መስጠት ነው። ከአንድ ምንጭ የመጡት 1,000 ሦስትዮሾች በአንድ ግራፍ ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ ግራፉም አንድ አድራሻ በስምነት ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ስለ ምንጩ የሚጻፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እርሱም ስለ ግራፉ ስም ይጻፋል። በዚህ ዓይነት ሦስትዮሹ አራተኛ ቦታ ያገኛል፤ ያም ቦታ የግራፉ ስም የሚቀመጥበት ነው።

ባለስም ግራፍ እንዴት ይፈጠራል?

በእነዚህ የመረጃ ቋቶች የሚሠራበት የመጠየቂያ ቋንቋ ስፓርክል ይባላል። በ2008 ለመጠየቅ ብቻ የሚያገለግል ሆኖ ጸደቀ፤ በ2013 የወጣው ሁለተኛው ደንብ ደግሞ መረጃን ለመጻፍ፣ ለመለወጥና ለመሰረዝ የሚያስችሉ ትእዛዛትን ጨመረለት። «ክሪኤት ግራፍ» የሚለው ትእዛዝ ባዶ ግራፍ ይፈጥራል። «ኢንሰርት ዳታ» የሚለው ሦስትዮሾችን በተባለው ግራፍ ውስጥ ያስገባል። «ሎድ» የሚለው ደግሞ በሌላ ቦታ ያለን የአር ዲ ኤፍ ሰነድ አንብቦ ሦስትዮሾቹን በግራፉ ውስጥ ያኖራል።

አንዳንድ ቋቶች ባዶ ግራፍን አይመዘግቡም። በእነዚህ ቋቶች ግራፉ የሚታወቀው የመጀመሪያው ሦስትዮሽ ሲገባበት ነው፤ የመጨረሻው ሲወጣም ግራፉ ይጠፋል። ስለሆነም ፈጥሮ መሙላት ብቻ ሳይሆን፣ ገና ባልተፈጠረ ስም በቀጥታ መጻፍም በብዙ ቋቶች ግራፉን ያስገኛል። በዚህ ምክንያት ጸሐፊው የስሙን አንድ ፊደል ቢያሳስት ማስጠንቀቂያ ላይሰጠው ይችላል፤ ሳያውቀው ሌላ ግራፍ ይፈጥራል።

የኤቨረስት ምሳሌ በባለስም ግራፍ ሲጻፍ የሚከተለውን ይመስላል። ትክክለኛዎቹ ስሞች ረዣዥም አድራሻዎች ቢሆኑም ለማሳጠር ሲባል ሀ፣ ለ፣ ሐ ተብለዋል።

ግራፍ ሀ፡- ኤቨረስት — ከፍታው በሜትር — 8,848
ግራፍ ለ፡- ኤቨረስት — ከፍታው በሜትር — 8,844.43
ግራፍ ሐ፡- ኤቨረስት — ከፍታው በሜትር — 8,848.86

ስለ ግራፎቹም እንዲህ ተብሎ ይጻፋል፡-

ግራፍ ሀ — ለኪው — ሕንድ
ግራፍ ሀ — ዓመቱ — 1955
ግራፍ ለ — ለኪው — ቻይና
ግራፍ ለ — ዓመቱ — 2005
ግራፍ ለ — የተለካው — ዐለቱ ብቻ
ግራፍ ሐ — ለኪው — ኔፓልና ቻይና
ግራፍ ሐ — ዓመቱ — 2020
ግራፍ ሐ — የተለካው — ከነበረዶው

እነዚህ መግለጫዎች ብዙ ጊዜ የሚቀመጡት ስም በሌለው ግራፍ ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ቋት ስም የሌለው አንድ ግራፍ አለው፤ እርሱም መነሻ ግራፍ ሊባል ይችላል።

ባለስም ግራፍ እንዴት ይጠየቃል?

ጠያቂው «ግራፍ» የሚለውን ቃል በመጠቀም ፍለጋው በየትኛው ግራፍ ውስጥ እንደሚደረግ ይወስናል። የግራፉን ስም ራሱ ከጻፈ ፍለጋው በዚያ ግራፍ ብቻ ይወሰናል። በስሙ ቦታ ላይ ያልታወቀ ነገር ምልክት ካኖረ ግን ኮምፒዩተሩ ግራፎቹን አንድ በአንድ ይመረምራል፤ መልሱንም ከተገኘበት ግራፍ ስም ጋር ያቀርባል። ስለዚህ «የኤቨረስት ከፍታ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ «ከፍታው ስንት ነው? ይህንስ የሚለው ማን ነው?» ወደሚል ጥያቄ ከፍ ይላል። «በረዶውን ጨምሮ በቅርቡ የተለካው ስንት ነው?» ተብሎ ቢጠየቅም ኮምፒዩተሩ መግለጫዎቹን ከግራፎቹ ጋር አገናዝቦ 8,848.86 ብሎ ይመልሳል።

ጀማሪዎች በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉበት አንድ ነገር አለ። «ግራፍ» የሚለው ቃል ሳይጻፍ ሲቀር ፍለጋው የሚደረገው በመነሻው ግራፍ ውስጥ ነው። በአንዳንድ ቋቶች መነሻው ግራፍ የሁሉም ግራፎች ድምር ተደርጎ ይታያል፤ በሌሎቹ ደግሞ ያለ ስም የተጻፈውን ብቻ ይይዛል። በዚህም የተነሣ በአንደኛው ቋት ሙሉ መልስ የሰጠ ጥያቄ በሌላው ባዶ መልስ ሊሰጥ ይችላል። መረጃው አልጠፋም፤ የተፈለገው ካልተቀመጠበት ቦታ ነው።

ጥቅሙ የጐላው ሲታረም ነው

የባለስም ግራፍ ዋና ጥቅም የሚታየው ስሕተት በተገኘ ጊዜ ነው። አንድ የመድኃኒት መረጃ ቋት ከሃያ ልዩ ልዩ ምንጮች የተጠራቀመ ነው እንበል። ከምንጮቹ አንዱ የአወሳሰድ መጠንን በተሳሳተ መለኪያ መመዝገቡ ዘግይቶ ቢታወቅ፣ የዚህን ምንጭ ቃል ከሌሎቹ ለይቶ ማውጣት የሰው ሕይወት ጉዳይ ይሆናል። ሁሉም በአንድነት ከተደባለቀ የትኛው መስመር እንደተበላሸ ማወቅ አይቻልም፤ ቋቱን እንደ አዲስ ከመሥራት በቀር መፍትሔ አይኖርም። እያንዳንዱ ምንጭ የራሱ ግራፍ ካለው ግን «ድሮፕ ግራፍ» በሚለው አንድ ትእዛዝ የተበላሸው ብቻ ይወገዳል፤ የታረመውም በቦታው ይተካል። የቀሩት አሥራ ዘጠኙ አይነኩም።

ከዚህም ሌላ በየዓመቱ የሚወጣን መረጃ በየዓመቱ ግራፍ ለይቶ ማስቀመጥ ትናንት ምን ይባል እንደነበር ለመመርመር ያስችላል። አንዳንድ ቋቶችም ማን የትኛውን ግራፍ ማየት እንደሚችል በስሙ ለይተው ይወስናሉ። ይህን ዘዴ በሚገባ የሚጠቀሙት ናኖፐብሊኬሽን የተባሉት እጅግ አጫጭር ሳይንሳዊ ጽሑፎች ናቸው። በእነዚህ ውስጥ ግኝቱ ራሱ በአንድ ግራፍ፣ ግኝቱ ከየት እንደመጣ በሌላ ግራፍ፣ ጽሑፉን ማን መቼ እንዳወጣው ደግሞ በሦስተኛ ግራፍ ይጻፋል፤ አራተኛው ግራፍ ሦስቱን ያያይዛል።

ማስታወስ የሚገባው

ስም መስጠት ብቻውን እውነት አያደርግም። ውሸትም በሚገባ በተሰየመ ግራፍ ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። በ2014 የታደሰው የአር ዲ ኤፍ ደንብም የግራፉ ስም ምን ማለት እንደሆነ አልወሰነም። አንዱ ስሙን የምንጩ አድራሻ ያደርገዋል፤ ሌላው የተጻፈበትን ቀን ያመለክትበታል፤ ሦስተኛው ደግሞ የሥራ ክፍሉን ይጠራበታል። ስለሆነም ቋቱን የሚያዘጋጁ ሰዎች የአሰያየማቸውን ደንብ አስቀድመው መስማማትና መጻፍ ይኖርባቸዋል። እንዲሁም አንድ ሦስትዮሽ በአምስት ግራፎች ውስጥ መገኘቱ አምስት ምስክሮች መሰከሩ ማለት ላይሆን ይችላል። አራቱ ከአንዱ ገልብጠው ከሆነ ምስክሩ አንድ ብቻ ነው።

እንግዲህ ባለስም ግራፍ ፈራጅ አይደለም። ሥራው ቃልንና ተናጋሪውን ሳይለያዩ ማቈየት ነው። ፍርዱን የሚሰጠው መግለጫዎቹን አንብቦ የሚያመዛዝን ሰው ነው። ያ ተማሪ ስለ ራስ ዳሽን ሦስት ቍጥሮች የያዘ ማስታወሻ ሲጽፍ በየቍጥሩ አጠገብ የመጽሐፉን ስምና ዓመት ቢያሰፍር፣ ያለ ኮምፒዩተር ይህንኑ ሥራ ሠርቷል ማለት ነው።

የቃላት ፍቺ

የመረጃ ቋት — መረጃ በሥርዓት ተጠራቅሞ የሚቀመጥበት የኮምፒዩተር ማኅደር
ሦስትዮሽ — ባለቤት፣ አያያዥና ተሳቢ ብቻ ያሉት ዐረፍተ ነገር
ቅየሳ — መሬትንና ከፍታን የመለካት ሙያ
ይፋ ማድረግ — ለሕዝብ ማስታወቅ
ማገናዘብ — አንዱን ከሌላው ጋር አስተያይቶ መመርመር

መልመጃ አንድ

በምንባቡ መሠረት የሚከተሉትን ጥያቄዎች በተሟላ ዐረፍተ ነገር መልሱ።
1. በአማርኛ ዐረፍተ ነገርና በአር ዲ ኤፍ ሦስትዮሽ መካከል ያለው የቅደም ተከተል ልዩነት ምንድን ነው?
2. የ2005ቱ የኤቨረስት ልኬት ከሌሎቹ ያነሰው ለምንድን ነው?
3. ቀድሞ የነበረው መፍትሔ ጕድለቱ ምን ነበር?
4. «ግራፍ» የሚለው ቃል ሳይጻፍ የቀረበ ጥያቄ በሁለት ቋቶች የተለያየ መልስ ሊያገኝ የሚችለው ለምንድን ነው?
5. «ባለስም ግራፍ ፈራጅ አይደለም» ሲባል ምን ማለት ነው?

መልመጃ ሁለት

ስለ አካባቢያችሁ አንድ ወንዝ ወይም ተራራ ከሁለት ሰዎችና ከአንድ መጽሐፍ መረጃ ሰብስቡ። መረጃውን በሦስትዮሽ መልክ ጽፋችሁ ለእያንዳንዱ ምንጭ አንድ ግራፍ ሰይሙ። ከዚያም ምንጮቹ የሚስማሙበትንና የማይስማሙበትን በአንድ አንቀጽ አብራሩ።